የሦስት ቀን ሟች

«አልሞትም አልኩ እኮ! ሌላ ሰው ፈልጉ!»

«ለሦስት ቀን ነው ምንቴ። ሦስት ቀን ምን አላት? ተኝተህ ትነሳለህ።»

«ቀላል ከሆነ ታዲያ አንቺ ለምን አትሞቺም፣ እትዬ ፋንታዬ?»

«እኔማ ባል አለኝ፣ አራት ልጅ አለኝ፣ አማት አለችኝ። ሞተች ቢባል ሰበታ ድረስ ነው ድንኳን የሚጣለው። አንተ ማን አለህ?»

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የተሰበሰቡት ዘጠኝ ሰዎች ወደ ምንተስኖት ዞሩ። እውነትም ማን አለው? እናቱን ቀብሯል። አባቱን አያውቅም። ከትምህርት ቤት የተባረረው አምስተኛ ክፍል ሳለ የዳይሬክተሩን ወንበር ማስቲካ ቀብቶ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቱ ያለው ሀብት ሻንጣ የሚያነሳ ጉልበትና ሰው የሚያስቅ ምላስ ነው።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ። «እሺ፣ ልሙት። ግን በደንብ ነው የምታለቅሱልኝ።»

ሳቁለት። እሱም ሳቀ።

ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣው አምባሩ ነው። የከፍታ አየር መንገድ ጫኝና አውራጆች ሥራ ሲገቡ አምባር ያጠልቃሉ፤ አምባሩ ልባቸውን፣ ትንፋሻቸውን፣ ፈገግታቸውን፣ ሐዘናቸውን ሳይቀር እየለካ ለአለቃ ይልካል። ይሄን ለምደውት ነበር። መስከረም ላይ ግን አየር መንገዱ «ቤትም እንዳይወልቅ» ብሎ አዘዘ። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን «ተኛ» ይላል። ጎረቤት ሠርግ ላይ እስክስታ ስትወርድ «ለነገው ፈረቃ ጉልበትህን ቆጥብ» ብሎ ይጮሃል። ባልና ሚስት ከተጣሉ ጠዋት አለቃ ፈገግ ብሎ «ቤት ሰላም ነው?» ይላል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በቃን አለ።

በቃን ማለቱ ቀላል ነው። በ2091 ዓ.ም. አየር መንገድ ውስጥ ሥራ ማቆም በሕግ ክልክል ነው። ሦስቴ ሞክረው ነበር፤ ሦስቴም አየር መንገዱ ገና ሳይረፍድ የፍርድ ቤት እግድ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ሠላሳ ሰው ተባረረ፤ ከዚህ በኋላ አንድ አድማ ከተደገመ ሁሉም እንደሚባረር ፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አስታወቀ። ከድሮው የሠራተኛ ሕግ ሳይሰረዝ የቀረ አንድ አንቀጽ ግን ነበር። ባልደረባ ሥራ ላይ ሲሞት ሠራተኛው ሦስት ቀን ለቅሶ ይቀመጣል፣ ማንም አይከለክለውም። ያልተሰረዘው የሚጠቀምበት ሰው ስላልነበረ ነው። ሥራ ላይ የሚሞት የለም። ሊሞት የመሰለውን አምባሩ ቀድሞ ያሰናብተዋል።

«አውሮፕላን ሦስት ቀን ከቆመ በየአገሩ ያላቸውን የማረፊያ ተራ ይነጠቃሉ» አለች ፋንታዬ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነች፤ አንቀጹንም ቆፍራ ያወጣችው እሷ ነች። «ሐሙስ ሳይመሽ አምባሩ ቤት አይግባ ብለው ይፈርማሉ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ለቅሶው ይለካል።»

«ምኑ ነው የሚለካው?»

«ሐዘኑ ነዋ። ቢያንስ አንድ ሰው ከስድሳ በላይ ማዘን አለበት። አለዚያ ለቅሶ አይደለም፣ አድማ ነው ይላሉ።»

እርስ በርስ ተያዩ።

«እኔ ለእናቴ አርባ ሁለት ነው ያመጣሁት» አለ አንዱ፣ ጫማውን እያየ። «በማግስቱ ሥራ መለሱኝ።»

ምንተስኖት ተንኮሉ ብልጭ ያለለት ይሄኔ ነው። አግዳሚው ላይ ዘሎ ወጣ።

«ጋሽ ደቻሳ! በቃ፣ ጋሽ ደቻሳ ያለቅስልኛል!»

«ጋሽ ደቻሳ እኮ መዋሸት አይሆንላቸውም» አለች ፋንታዬ። «አስመስሉ ብንላቸው ፊታቸው ነው የሚያጋልጠን።»

«ማን አስመስል አለው? አትንገሩት! ሞቷል በሉትና ዞር በሉ። ሽማግሌው ራሱ ይጨርሰዋል።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ፋንታዬ አልሳቀችም።

«አንተ ልጅ፣ ሰውየው እኮ ይወዱሃል።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

ጋሽ ደቻሳ የሰባተኛው መስመር ፎርማን ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሻንጣ ከማንሳታቸው የተነሳ ትከሻቸው በአንድ ጎን ዘሟል። ምንተስኖትን በር ላይ፣ የመንገደኛ ሻንጣ እየነጠቀ «ልሸከምልህ» ሲል አግኝተው፣ ዋስ ሆነው ሥራ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ውለታቸውን የመለሰው ጭኳቸውን በየቀኑ በመስረቅ ነው። ገብሱ በቅቤ የታሸ ጭኮ በቆርቆሮ ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ መሀሉን በአውራ ጣቱ ይቦረቡርና ዙሪያውን እየጠፈጠፈ ይደፍነዋል። እሳቸው ምሳ ሰዓት ላይ ክዳኑን ከፍተው «ይቺ አይጥ ዛሬም መጣች» ይላሉ። ቆርቆሮው በየዓመቱ ለምን ትልቅ እየሆነ እንደሄደ ምንተስኖት አስቦት አያውቅም።

*

ማክሰኞ ማለዳ ምንተስኖት ሞተ።

አሟሟቱ ቀላል ነበር። ፋንታዬ በግ ገዛች። አምባር ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በአራት ሰከንድ በእርጥብ ጨርቅ ከተላለፈ እንደማያውቅ ጫኞቹ ከድሮ ጀምሮ ያውቃሉ፤ የሰከረ ሰው ያልሰከረ ጓደኛው እጅ ላይ አስሮለት የሚሄደው እንዲያ ነው። ከምንተስኖት እጅ ወደ በጉ እግር ተላለፈ። በጉ ታረደ። አየር መንገዱ መዝገብ ላይ እንዲህ የሚል ሰፈረ፦ ሠራተኛ ቁጥር 2207፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ፣ ከፍተኛ ፍርሃት፣ የልብ መቆም። ሰዎቹ አስከሬኑ ወደ ትውልድ አገሩ ተልኳል አሉ። በጉ ደግሞ ወጥ ሆኖ ለለቀስተኛ ቀረበ፤ ሟቹን ሟቹ ራሱ ሁለት ሳህን በላው።

ድንኳኑ የተጣለው ከማኮብኮቢያው ዳር፣ ከሃያ ዓመት በፊት የቆመ የድሮ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ነው። የአውሮፕላኑ ሆድ የዕድሩ ዕቃ ቤት ነበር፤ ድስቱ፣ ወንበሩ፣ የእዝኑ ምግብ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ምንተስኖትም እዚያው ከድስት ኋላ ፍራሽ ዘረጋ። ብሎን በወለቀበት ቀዳዳ ዓይኑን ሰክቶ የራሱን ለቅሶ ሲመለከት ዋለ።

መጀመሪያ በሳቅ ሊሞት ነበር። ከጋሽ ደቻሳ በቀር ሚስጥሩን የሚያውቀው አራት መቶ ሰው ነጠላ ዘቅዝቆ ካርታ ይጫወታል። አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይገባና «ጆከሩ ማን ጋ ነው?» ይላል። ከማዶ ሰማይ ላይ ማራገፊያ ያጡ አውሮፕላኖች ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ።

ረፋዱ ላይ ጋሽ ደቻሳ መጡ።

ሲመጡ አልሮጡም። የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ፣ አንድ ጫማቸው ሳይታሰር፣ መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ዙሪያውን እያዩ መጡ። ድንኳኑ መሀል ቆሙ። ካርታው ተሰበሰበ።

«ትናንት» አሉ። «ትናንት እኮ ዓይንህን አልይ አልኩት! ሻንጣ አቀያየረብኝና ዓይንህን አልይ ብዬ አባረርኩት! ሌላ ሰው እንዳይሆን፣ ደህና አይታችኋል? እሱ ነው?»

ፋንታዬ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ኢልማ ኮ!» አሉ ጋሽ ደቻሳ። «ልጄን! እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያባረርኩት!» በሁለት እጃቸው ደረታቸውን መቱ፤ ዘመም ያለው ትከሻቸው ጭራሽ ወደቀ፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። እንደ ትልቅ ሰው አላለቀሱም። ሳግ እየተናነቃቸው፣ አፍንጫቸውን እንኳ ሳይጠርጉ፣ «ዓይንህን አልይ፣ ዓይንህን አልይ» እያሉ አለቀሱ።

ምንተስኖት ዓይኑን ከቀዳዳው አነሳ። ጆሮው ጋለ። ሲስቅ የቀረው ፈገግታ ፊቱ ላይ ተጣብቆ ነበርና በእጁ ጠረገው።

ፋንታዬ ከሰዓት ሹልክ ብላ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባች።

«ሰባ አራት!» አለች በሹክሹክታ። «አምባራቸው ላይ አየሁት። ሰባ አራት አምጥተዋል!»

«እትዬ ፋንታዬ፣ ንገሪው» አለ ምንተስኖት። ከዚያ አፉን አስተካከለ። «ንገሪያቸው። በደላቸው የለም በያቸው።»

«አብደሃል? ነገርኳቸው ማለት እኮ ሐዘኑ ዜሮ ገባ ማለት ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።»

«ሲያለቅሱ ሰማሻቸው?»

«አንተ ያመጣኸው ሐሳብ ነው ምንቴ። አሁን ሙት።»

*

ረቡዕ ጠዋት የአየር መንገዱ ጠበቃ እግድ ሊጠይቅ ፍርድ ቤት ቀረበ። አቶ ኢዮስያስ ይባላል፤ ጫማው የሚያበራ፣ ድምፁ የማይጨምር የማይቀንስ ሰው ነው። አስከሬን አምጡ ለማለት አልደፈረም። ባለፈው ዓመት አንድ ሠራተኛ «አምባሩ ተሳስቶ ነው ያባረረኝ» ብሎ ሲከስ፣ «አምባርም ሆነ ሌላ መለኪያ አይሳሳትም» የሚል ፍርድ ያስወሰነው እሱ ራሱ ነበር። አምባሩ ሞቷል ካለ ሞቷል። ስለዚህ ሌላ ጠየቀ። ሐዘኑ ይለካልን፤ ሐሙስ ይለካልን።

«ለምን ሐሙስ?» አለ ምንተስኖት፣ ፋንታዬ ስትነግረው።

«ሠንጠረዥ አላቸው። ሐዘን በቀን አሥራ አንድ ይቀንሳል። ከሰባ አራት አሥራ አንድ፣ ደግሞ አሥራ አንድ ስታነሳ ሐሙስ ሃምሳ ሁለት ነው። ተበላን።»

ወጥታ ሄደች። ምንተስኖት ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ። የሚያስቅ ነገር ፈለገ፣ አጣ። ከውጭ የጋሽ ደቻሳ ድምፅ ይሰማል፤ ለሚመጣው ሁሉ ስለ እሱ ያወራሉ። «ተንኮለኛ ነው ትሉት ነበር። ልጅ ነው እኮ! የሚቆጣው ሰው አጥቶ ያደገ ልጅ ነው። እኔ ስቆጣው ደስ ይለው ነበር፣ አይቼዋለሁ።»

ይሄን ማንም አያውቅብኝም ብሎ ያስብ ነበር።

ጋሽ ደቻሳ ዛሬ ጠዋት ለእዝን ያመጡት የጭኮ ቆርቆሮ አጠገቡ ነበር። ርቦት አይደለም። እጁ ስለለመደ ነው፣ ወይም ሰውየው አጠገብ የመሆን ያህል ስለመሰለው ነው፤ ክዳኑን ከፈተ፣ መሀሉን በአውራ ጣቱ ቦረቦረ፣ ዙሪያውን ጠፍጥፎ ደፈነው። የቀኝ አውራ ጣቱን የሻንጣ ቀበቶ ቆርጦት ያውቃል፤ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ ጠባሳ አለ። ሲውጠው ጭኮው አልጣፈጠውም።

ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ገብቶ ቆርቆሮውን ወሰደላቸው። ምንተስኖት በቀዳዳው አየ። ጋሽ ደቻሳ ክዳኑን ከፈቱ። ወደ ውስጥ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ከዚያ ለማንም ሳይሰጡ ክዳኑን ገጥመው ቆርቆሮውን ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ትዝ ብዬአቸው ነው» አለ ምንተስኖት ለራሱ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ከዚያች ሰዓት በኋላ ጋሽ ደቻሳ አላለቀሱም፣ አላወሩም። ዝም ብለው ተቀመጡ። ሰዉ ደነገጠ። «ወጣላቸው» አለ አንዱ። «ቁጥሩ እየወረደ ነው፣ አለቀልን።» ፋንታዬ ሽንኩርት ልክተፍ ወይ እስክትል ደረሰች። ሽንኩርቱ ግን ከስምንት በላይ እንደማያመጣ ከዚህ በፊት የሞከሩት ነገሯት።

*

ሐሙስ ረፋድ ፍርድ ቤቱ ድንኳን ገባ። ዳኛዋ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ናቸው፤ የታሸገውን መለኪያ በራሳቸው እጅ ፈቱት። ሰው አንድ በአንድ እየቀረበ መዳፉን ያስቀምጣል፣ ቁጥሩ ይነበባል።

ፋንታዬ፣ አሥራ ዘጠኝ። ካርታ ሲጫወት የነበረው፣ አራት። አንዱ ሠላሳ አንድ ሲያመጣ ድንኳኑ በሙሉ ቀና አለ። «የራሴ እናት ትዝ ብላኝ ነው» ብሎ አፍሮ ሄደ፤ ለእናቱ አርባ ሁለት ያመጣው እሱ ነበር።

አቶ ኢዮስያስ ሰዓቱን አየ። «ክብርት ዳኛ፣ የምናየው የሥራ ማቆም አድማ ነው። የሟች ወዳጅ የተባለው ሰው ማክሰኞ ሰባ አራት ነበር፤ በሠንጠረዡ ዛሬ ሃምሳ ሁለት ነው። ለመዝገቡ ያህል ይለካና እንጨርስ።»

ጋሽ ደቻሳ ተነሱ። ጉያቸው ውስጥ ቆርቆሮው አለ። መዳፋቸውን መለኪያው ላይ አደረጉ። ምንተስኖት በቀዳዳው ፊታቸውን ፊት ለፊት ያያል። አይጮሁም፣ ደረት አይመቱም። ቀና ብለው የድሮውን አውሮፕላን አዩ፤ ልክ ቀዳዳው ጋ ያዩ መሰለው። እንባቸው ያለ ድምፅ ወረደ፣ ጢማቸው ላይ ቆመ፣ ሌላ ተከተለው።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ዘጠና ስድስት» አሉ።

«ሊሆን አይችልም!» አለ ጠበቃው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «ሐዘን በቀን አሥራ አንድ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። መለኪያው ተበላሽቷል!»

«መለኪያ አይሳሳትም ብለው አምና እኔው ችሎት ነው ያስወሰኑት፣ አቶ ኢዮስያስ» አሉ ዳኛዋ። «ለቅሶው ለቅሶ ነው። የእግድ ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል።»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አየር መንገዱ ፈረመ፤ አምባሩ ከበር አይወጣም። ሰዉ የለቅሶ ድንኳን መሆኑን ረስቶ እልል አለ። ፋንታዬ ሮጣ ዕቃ ቤት ገብታ ምንተስኖትን ግንባሩን ሳመችው። አዳማ በሌላ ስም የገበያ ሥራ ተገኝቶልሃል፣ አምስት ሰዎች አጅበው ያወጡሃል አለችው። ሌሎቹም እየተሹለኮሉ ገብተው ትከሻውን መቱት። «ጀግና ሟች!» አሉት። እሱ የእያንዳንዱን ሰው ጫማ ሲያይ ነበር።

*

በማግስቱ ዓርብ ሁሉም ሥራ ገባ። አውሮፕላኖቹ መውረድ ጀመሩ። ድንኳኑን የሚያፈርስ ሰው ስላልነበረ ጋሽ ደቻሳ ብቻቸውን ካስማ ሲነቅሉ ዋሉ።

ምንተስኖት ከሰዓት በኋላ ከአውሮፕላኑ ሆድ ወረደ። አጃቢዎቹን አልጠበቀም። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ይሸከማል ሲባል ሰምቷል፤ ማኮብኮቢያ ላይ ድንጋይ አይገኝም። የአውሮፕላን ጎማ የሚታገድበትን ታኮ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ ሄደ። ሽማግሌው ሲያዩት በድንጋጤ ልባቸው ቀጥ ቢልስ ብሎም ፈርቷል።

«ጋሼ» አለ። «ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ደቻሳ ዞር ብለው አዩት። አልጮሁም። አላማተቡም። ገመዱን መጠቅለላቸውን ቀጠሉ።

«አልደነገጡም?»

ገመዱን አስቀመጡና ከጉያቸው ቆርቆሮውን አወጡ፣ ክዳኑን ከፈቱለት። ጭኮው ከረቡዕ ጀምሮ አልተነካም። መሀሉ ላይ፣ በደንብ በተጠፈጠፈው ላይ፣ የተሰነጠቀ አውራ ጣት ማኅተም እንዳለ ተቀምጧል።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ይቺን ጣት ሳያት ነው የኖርኩት» አሉ። «አይጥ ነው ስልህ ታምነኝ ነበር?»

ምንተስኖት ታኮውን ከማጅራቱ አወረደ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባው፣ ፊቱ በራ። ከረቡዕ ጀምሮ ያውቃሉ ማለት ነው። አውቀው ነው መለኪያው ፊት የቆሙት። አውቀው ነው ያዳኑን! ሦስት ቀን ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ብድግ አለለት፣ የድሮው ሳቁም አፉ ላይ መጣ።

«ኧረ ጋሼ! አስመስለው ነዋ! ዘጠና ስድስት! ማሽኑን ሸወዱት እኮ!»

ጋሽ ደቻሳ ክዳኑን ገጠሙ።

«እኔ ማስመሰል አላውቅም» አሉ። «ሰባ አራቱ መሞትህን ስሰማ ነው። ዘጠና ስድስቱ መኖርህን ሳውቅ።»